እማዬ ሞርፊን ታዘዘላት፤ ሱስ ይሆንባታል?

የኮልፌዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 67 ዓመቷ ነው። የጡት ካንሰሩ ወደ አጥንቷ ተሰራጭቷል። እስካሁን ትራማዶል ነበር የምትወስደው፤ አሁን ግን አላስታግሳት አለ። ሌሊት እኛ እንዳንሰማ ትራሷን ነክሳ ነው የምታድረው። ባለፈው ሳምንት ሐኪሟ የሚጠጣ ሞርፊን አዘዘላት። ጠርሙሱ ቤት ገብቷል፤ እስካሁን ግን አልተከፈተም። ዳላስ ያለው ታላቅ ወንድሜ «እዚህ ሰው በዚህ ነገር እያለቀ ነው፣ እንዳትሰጧት!» ብሎ በስልክ ጮኸብን። አክስቴ ደግሞ «ሞርፊን የሚሰጠው ለበቃለት ሰው ነው» አለች። እማዬ ራሷ «በስተርጅና ሱሰኛ አታድርጉኝ» ትላለች። የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ። ወንድሜ ልክ ነው?

ነርሷ ከሜሪላንድ፦
እህቴ፣ እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። እኔ የምሠራው ሆስፒስ ውስጥ ነው፣ በጠና የታመሙ ሰዎች ሕመማቸው እየተስታገሰ የሚታከሙበት ማለት ነው፤ ሞርፊን በየቀኑ በእጄ ያልፋል። ወንድምሽ ዝም ብሎ አልፈራም። የሚኖርበት አገር ያየውን ነው የሚናገረው። ግን የእናትሽ ጉዳይ ሌላ ነው። ትንሽ ረዘም አድርጌ ልንገርሽ፣ ለእሱም አንብቢለት። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሞርፊን የሚገኘው ከኦፒየም ተክል ነው። ፍሬው ሳይደርቅ ሲጫር ነጭ ወተት ያወጣል፤ ወተቱ ሲደርቅ ቡናማ ሙጫ ይሆናል። ኦፒየም የሚባለው እሱ ነው። ሰው ለሺህ ዓመታት ለሕመም ሲጠቀምበት ኖሯል። ሞርፊንን ከሙጫው ለይቶ ያወጣው በ1800ዎቹ መጀመሪያ ፍሬድሪክ ሰርቱርነር የተባለ ጀርመናዊ ወጣት ነው፤ መድኃኒት ቤት ነበር የሚሠራው።

ከዚያ በኋላ ሻጮች አንድ ዓይነት ነገር ሲናገሩ ታገኛለሽ፦ «ይኼኛው ሱስ አያስይዝም።» በ1898 የጀርመኑ ባየር ኩባንያ ሄሮይንን ለሳል መድኃኒት ብሎ ገበያ ላይ አወጣ። አዎ፣ ሄሮይንን! የሚሠራው ከሞርፊን ነው።

በ1996 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ፐርዱ ፋርማ የተባለ ኩባንያ ኦክሲኮንቲን የሚባል የሞርፊን ዘመድ የሆነ የሕመም ማስታገሻ ኪኒን አመጣ። የኩባንያው ሰዎች ለሐኪሞች ሱስ የሚይዘው ከ100 ሰው አንድ እንኳ አይሞላም ይሉ ነበር። ከሚጠቅሷቸው ማስረጃዎች አንዱ በ1980 በአንድ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣች 5 ዓረፍተ ነገር ያላት አጭር ደብዳቤ ናት። ሆስፒታል ተኝተው እንዲህ ዓይነት መድኃኒት ከወሰዱ 11,882 ሰዎች ሱስ የታየባቸው 4 ብቻ ናቸው ትላለች። ሆስፒታል ተኝቶ፣ ነርስ እየሰጠው የወሰደን ሰው ነው የምታወራው። እነሱ ግን የወገብ ሕመም ይዞት ለወራት ኪኒን ቤቱ ለሚወስደው ሰው ጠቀሱባት። ይህ ዛሬም ያናድደኛል። ኩባንያው በ2007 ፍርድ ቤት ጥፋቱን አመነ። በዚያ ጊዜ ግን ስንቱ ቤት ፈርሷል።

ኪኒኑ ቁጥጥር ሲበዛበት ብዙ ሰው ወደ ሄሮይን ሄደ። ቀጥሎ በድብቅ የሚመረተው ፌንታኒል መጣ፤ ከሄሮይን 50 እጥፍ ይበረታል። በ2021 በአንድ ዓመት ብቻ ከ100,000 በላይ ሰው ከመጠን ባለፈ ዕፅ ሞተ፤ የአብዛኛው ሞት ከፌንታኒል ጋር የተያያዘ ነው። ወንድምሽ የፈራው ይህን ነው። አይፈረድበትም።

አሁን ወደ እናትሽ። ሞርፊን አንጎልና ሕብለ ሰረሰር ላይ ያሉ ተቀባዮችን ይዞ የሕመሙን መልእክት ያዳክማል። ያንኑ መንገድ ተከትሎ ደስታ ይሰጣል፣ ትንፋሽንም ያቀዘቅዛል። አደጋውም ጥቅሙም ከአንድ ቦታ ነው የሚመጣው። ለሳምንታት ሲወሰድ ሰውነት ይለምደዋል። በድንገት ከቆመ ማዛጋት፣ ንፍጥ፣ ላብ፣ ቁርጥማት፣ ተቅማጥ ይመጣል። ይህ ማንም ላይ ይደርሳል፤ ስለዚህ በራሳችሁ አታቋርጡት፣ ሐኪሙ ቀስ በቀስ ይቀንሰዋል። ሱስ ግን ሌላ ነው። ሱስ ማለት ሰውየው እየጎዳው፣ ትዳሩንና ሥራውን እያሳጣው እንኳ መፈለጉን ማቆም ሲያቅተው ነው። ካንሰር ያለበት ሰው ፈጽሞ አይያዝም አልልሽም፤ በተለይ ድሮ የመጠጥ ወይም የዕፅ ችግር የነበረበት ሰው ጥንቃቄ ይፈልጋል። አጥንታቸው ለታመመ፣ ልጃቸው ለክታ ለምትሰጣቸው፣ ሐኪም ለሚከታተላቸው እናት ግን ስጋቱ ትንሽ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ትራስ ነክሶ ማደር ግን አሁን እየሆነ ያለ ነገር ነው።

የአክስትሽን ነገር ደግሞ ብዙ የአበሻ ቤት ሰምቼዋለሁ። ቤታቸው እየሄድኩ የማያቸው አንድ የጎንደር አባት ነበሩ። ልጆቻቸው ጠርሙሱን ቁም ሳጥን ላይ ሰቅለው አባታቸው ግድግዳ እየቧጠጡ ያድሩ ነበር። ሞርፊኑን ወስደው ሕመሙ ጋብ ሲልላቸው ጋቢያቸውን ለብሰው ቁጭ አሉ፤ ቡና አስፈሉ፤ ከልጅ ልጃቸው ጋር ዳማ ተጫወቱ። ከዚያ በኋላ ብዙ ወራት ኖረዋል። ሞርፊን የሚሰጠው ለሕመሙ መጠን እንጂ ለቀረው ዕድሜ አይደለም።

ፋርማሲስት አዲስ አበባ፦
ነርሷ የተናገረችው ትክክል ነው። እኔ ስለ ትራማዶሉ ልጨምር፤ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ጉዳዩ ይለያል። ትራማዶልና ኮዴይን ጉበት ውስጥ ሲፒ2ዲ6 በሚባል ኢንዛይም ወደ ጠንካራው መልካቸው ይቀየራሉ። ኮዴይን የሚቀየረው ራሱ ወደ ሞርፊን ነው። አንዳንድ ሰው የዚህ ኢንዛይም ዘረመል ተደራርቦለት ይወለዳል፤ እንዲህ ያለው ሰው መድኃኒቱን ቶሎና በብዛት ይቀይራል። በ1996 በወጣ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 ከመቶው እንዲህ ነበሩ። ስዊድናውያን ዘንድ ከ1 እስከ 2 ከመቶ ነው። ስለዚህ «ቀላሉ» የሚባለው መድኃኒት ለአንዱ ምንም ላይመስል፣ ለጎረቤቱ ከባድ ሊሆን ይችላል። ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ ኮዴይን ያለበት የሳል ሽሮፕ የማልሰጠው ለዚህ ነው። ሞርፊን ግን በዚህ ኢንዛይም በኩል አያልፍም፤ መጠኑን ለመተመን ይቀላል። ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ትራማዶል ስጠን የሚሉኝ ወጣቶች እየበዙ ነው፤ እሱም ሱስ ያስይዛል፣ ሲበዛም የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ያመጣል። እህቴ፣ ሞርፊኑንና ትራማዶሉን ደርባችሁ እንዳትሰጧት፤ ትራማዶሉ ይቁም ወይስ ይቀጥል ሐኪሙን ጠይቂ። ኩላሊቷ ደከም ያለ ከሆነም ንገሪው፤ ሞርፊን ያኔ ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል።

የኮልፌዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ለወንድሜ አነበብኩለት፤ ብዙ ዝም ካለ በኋላ «እሺ ስጧት» አለ። ሐኪሙ ትራማዶሉን አስቆመው። ትናንት ማታ ጀመርን። እማዬ ተኛች! ዛሬ ግን ቀኑን ሙሉ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላታል። ልፍራ?

ነርሷ ከሜሪላንድ፦
እሰይ! መጀመሪያ ላይ ማንቀላፋትና ማቅለሽለሽ የተለመደ ነው፤ በጥቂት ቀን ይቀላል። ያልተኙበት ሌሊትም አለባቸው። ስትጠሪያቸው ዓይናቸውን ገልጠው ካናገሩሽ ተዪያቸው ይተኙ። ቀስቅሰሻቸው ካልነቁ፣ ትንፋሻቸው በጣም ከተራራቀ ወይም ከንፈራቸው ከጠቆረ ግን ሳትውዪ ሳታድሪ ሆስፒታል ውሰጃቸው፤ ናሎክሶን የሚባል ማርከሻ አለ። አረቄም ሆነ የእንቅልፍ ኪኒን አብሮ አይሰጥ።

ሕመሙ እስኪመለስ አትጠብቂ። ፈሳሹ አብዛኛውን ጊዜ በየ4 ሰዓቱ ነው የሚሰጠው፤ ሐኪሙ ባለው ሰዓት ስጪ። ለንደን ውስጥ በ1967 የቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስን የከፈቱት ሲስሊ ሳንደርስ ያስተማሩን ይህንኑ ነው። በሾርባ ማንኪያ አትስፈሪ፤ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ግዢ። የሆድ ድርቀቱ ግን እንደ እንቅልፉ አይለቅም፣ ሰውነት አይለምደውም፤ ማለስለሻ ከዛሬ ጀምሮ እንዲያዝላቸው ጠይቂ። ጠርሙሱን ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ቆልፊበት።

የኮልፌዋ፦
ሲሪንጁን አሁን ከፋርማሲ አመጣሁ። ማለስለሻውን ነገ ጠዋት እጠይቃለሁ።