በረኪናና ሰልፎኒክ አሲድ በአንድ ክፍል፦ ማስክ ይበቃናል?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልን። ደብረ ብርሃን ጠባሴ አካባቢ በማኅበር ተደራጅተን ፈሳሽ ሳሙናና በረኪና እናመርታለን። ብርዱ ስለሚጠና በርና መስኮት ዘግተን ነው የምንሠራው። ሰሞኑን አንዲት ባልደረባችን ለፈሳሽ ሳሙናው የምንጠቀምበት ሰልፎኒክ አሲድ በነበረበት ጆግ በረኪና ስትቀዳ ቢጫማ አረንጓዴ ጋዝ ወጥቶ ሁላችንንም በሳል ጨረሰን። ወተት ጠጥተን ተሻለን። ለወደፊቱ ማስክ ብንገዛ ይበቃል?

የመንዝ ልጅ፣ ኬሚስት፦
እንኳን እግዚአብሔር አተረፋችሁ! ያ ጋዝ ክሎሪን ነው፤ በረኪና አሲድ ባገኘ ቁጥር ይለቀዋል። የጨርቅ ማስክ ጋዝ አያግድም። ወተቱንም ተዉት፤ ወተት የሚወርደው ወደ ሆድ፣ ክሎሪን የሚያቃጥለው ሳንባን ነው። ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ሊብስ ስለሚችል አሁንም የሚያስላት ወይም ትንፋሽ የሚያጥራት ካለች ዛሬውኑ ሐኪም ይያት።
ከማስክ በፊት ሁለቱን ለዩ። በረኪናው ሌላ ክፍል ይግባ፤ ጆጉም፣ በርሜሉም፣ ማማሰያውም የየራሱ ይሁን፤ በሁሉም ላይ ስሙ ይጻፍ። ሰልፎኒክ አሲድ ጥቁር ቡናማና ወፍራም ስለሆነ ጆጉ ግርጌ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ «አለቅልቄዋለሁ» የሚለውን አትመኑ።

ሸዋዬ፦
ጣሪያው ሥር ማራገቢያ ቢገጥሙስ?

የመንዝ ልጅ፦
እህቴ፣ ክሎሪን ከአየር ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ስለሚከብድ ወለል ለወለል ነው የሚሄደው። የአየር ማውጫው ከወለሉ አጠገብ ይሁን። ጋዝ ከወጣ ደግሞ ዕቃ ለማንሳት ሳትዘገዩ ነፋሱ ወደሚመጣበት፣ ከፍ ወዳለ ቦታ ውጡ።

ጡረተኛው፦
ልጆቼ፣ ለሳሙናው የምትበጠብጡትን ኮስቲክ ሶዳም አትናቁት፤ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ ሶዳውን በጥቂት በጥቂቱ፤ ውሃ በሶዳ ላይ ከተደፋ ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል። በአሉሚኒየም ድስት በፍጹም አትበጥብጡ! ብረቱን ሲበላው በእሳት የሚቀጣጠል ሃይድሮጂን ያወጣል፤ እናንተ ደግሞ ለብርዱ ከሰል ሳታነዱ አትቀሩም። ዓይን ውስጥ ከገባ ሎሚ አትጨምሩበት፤ ቢያንስ 15 ደቂቃ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ አጥባችሁ ወደ ሐኪም። የቀን ሠራተኛ ከቀጠራችሁም የመከላከያ ዕቃ ማቅረብ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግዴታችሁ ነው።

ጠያቂ፦
አባባ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ነገር ግን የቧንቧ ውሃ በየቀኑ አይመጣም።

ጡረተኛው፦
ለዓይን ማጠቢያ ብቻ የሚሆን ቧንቧ ያለው ትንሽ ሮቶ በሶዳው አጠገብ አቁሙ፤ ለሌላ ሥራ ማንም አይቅዳበት። ሮቶው ባዶ በሆነበት ቀን ኮስቲክ አይበጠበጥም።