ክርክር፦ ሁለቱን ትምህርት ቤቶች በሚኒስትሪ ውጤት ብቻ እናወዳድር?

የአገር ልጅ (ጎንደር ከተማ)፦ ደንቢያ ያለችው ቀበሌያችን 7ኛና 8ኛ የሚያስተምሩ ሁለት ትምህርት ቤቶች አሏት። አንዱ አስፋልቱ ዳር፣ ሌላው ከወንዙ ማዶ ነው። ከተማ ያለነው ያዋጣነው ብር የሚበቃው ለአንዱ ነው። እኔ በ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ብዙ ያሳለፈው ይውሰድ ባይ ነኝ። ለፍቶ ያሳለፈ ይበረታታ።

መምህር፦ ወንድሜ፣ "ብዙ ያሳለፈ" ማለት ከስንቱ? ለምሳሌ አንዱ ጋ 7ኛ 60 ልጅ ገባ እንበል። 30ው ተፈተነ፣ 28 አለፈ። ሌላው ጋም 60 ገባ፣ 55 ተፈተነ፣ 40 አለፈ። በመቶኛ ካየኸው የመጀመሪያው ይበልጣል። ግን የት ሄዱ እነዚያ 30 ልጆች? ደካማውን ልጅ ከፈተናው በፊት "መልቀቂያህን ውሰድ" ሲሉት በዓይኔ አይቻለሁ።

ደግሞ የ2014ቱን 12ኛ ክፍል አስታውሱ። ልጆቹ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ሲፈተኑ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሁሉም 8ኛን ያለፉ ልጆች ናቸው'ኮ!

አርሶ አደር አባት፦ መምህር፣ ያልከው ልክ ነው። እኔ ግን ልጄ ትምህርት ቤት ሲውል ከብት የምጠብቀው ራሴ ነኝ። ካላለፈ ምን ይዤ እቀራለሁ? አስፋልት ዳር ያለው መምህሩ አይለቅም። የሚከራየው ቤት አለው፣ ባጃጅ አለው። ማዶ ያለው ግን ሁለተኛው መንፈቅ ሲገባ ሒሳብ የሚያስተምር ሰው ያጣል። ብር ብትሰጡትስ መምህር ይገዛበታል?

መምህር፦ አይገዛም። መኖሪያ ግን ይሠራበታል። ሁለት ክፍል ቤት ከግቢው አጠገብ ቢኖር እኔ ራሴ አልለቅም ነበር። ከ2015 ወዲህ ሥርዓተ ትምህርቱ ተቀይሯል። 7ኛና 8ኛ መካከለኛ ደረጃ ተብሎ ለብቻው ወጣ፣ አዳዲስ ትምህርቶችም ገቡ። እኔ አይሲቲ የማስተምረው ያለ ኮምፒውተር ነው። ኪቦርዱን ሰሌዳው ላይ በጠመኔ እሥላለሁ፤ ልጆቹ ተራ በተራ እየመጡ በጣታቸው ይነካሉ። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ፊደሎቹ በጣት ተጠርገው ጠፍተዋል። ይህንን የትኛው የውጤት ሠንጠረዥ ያሳያችኋል?

የሁለት ልጆች እናት፦ እኔም ልናገር። ልጄ የምትማረው ማዶ ነው። መስከረም ላይ መረሬው ጭቃ ጫማ ስለሚነጥቅ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ በባዶ እግሯ ትሄዳለች። ወንዙ ከሞላ ትመለሳለች። ግቢው ውስጥ ውሃ የለም። የወር አበባዋ ሲመጣ አራት ቀን ቤት ትውላለች። ኅዳር ላይ ደግሞ የጤፍ አጨዳ አለ። እና እሷን አስፋልት ዳር ከሚማር ልጅ ጋር በአንድ ሚዛን ልታስቀምጧት ነው?

አርሶ አደር አባት፦ እሱስ እውነትሽን ነው፣ እቴ። የኔ ወንድ ስለሆነ ይህ አልታየኝም።

የአገር ልጅ፦ እሺ፣ ሐሳቤን አንስቻለሁ። ግን ከቅዳሴ በኋላ እሑድ ስንገናኝ በደፈናው እንዳንከራከር፣ ሁለቱም የሁለት ዓመት ሮስተራቸውን ያምጡ። 7ኛ የገባውን፣ 8ኛ የተፈተነውን፣ ያለፈውን ጎን ለጎን እንቁጠር።

የሁለት ልጆች እናት፦ ስትቆጥሩ ሴቶቹን ለብቻ ቁጠሩልኝ።