ስፓርስ ዲክሽነሪ፦ በስሌት 42 እጥፍ፣ በፋይል 9 እጥፍ

ጥቁር አፈር፦
ጤና ይስጥልኝ። ከኮዬ ፈጬ እስከ ቱሉ ዲምቱ ያለውን ዳርቻ፣ 10 በ10 ኪሎ ሜትር፣ በሴንቲኔል-2 ሳተላይት ምስል ነው የምንከታተለው። ፒክስላቸው 60 ሜትር የሆኑትን ሦስት ባንዶች (የብርሃን ሞገድ ክልሎች) ትቼ ቀሪዎቹን 10 ሁሉንም ወደ 10 ሜትር አመጣኋቸው። የአንድ ቀን ዳታ 1,000 በ1,000 በ10 ሆነ፤ በ16 ቢት 20 ሜጋባይት። ወደ መስክ ስልኮች የሚላከው በሞባይል ዳታ ስለሆነ በደንብ መታመቅ አለበት።

8 በ8 በ10 ብሎክ ከፋፈልኩ፣ የየብሎኩን አማካይ ቀነስኩ፣ ከዚያው ምስል በዘፈቀደ በለቀምኳቸው 6,000 ብሎኮች ባለ 1,280 አቶም ዲክሽነሪ (እያንዳንዱ ብሎክ የጥቂቶቹ ድምር ሆኖ የሚጻፍባቸው የናሙና ቅርጾች፣ ማለትም የአቶሞች፣ ስብስብ) በኬ-ኤስቪዲ ስልተ ቀመር አሠለጠንኩ። ኮዱ በኦኤምፒ ነው (ከቀሪው ጋር በይበልጥ የሚመሳሰለውን አቶም አንድ በአንድ እየመረጠ የሚሄድ ዘዴ)፤ ለብሎክ 12 አቶም፣ ለአቶም 11 ቢት ኢንዴክስና 8 ቢት ኮፊሸንት (የአቶሙ ማባዣ)፣ ከአማካዩና ከአቶም ቁጥሩ ጋር 245 ቢት። ጥሬው ብሎክ 10,240 ቢት ስለሆነ 42 እጥፍ መውጣት ነበረበት። ፋይሉ ግን 9 እጥፍ ቢሆን ነው። ደግሞ የእርሻው መሬት ቁልጭ ብሎ ሲመለስ አዲሶቹ የቆርቆሮ ጣሪያዎች ይደበዝዛሉ። ወደ 300 አቶም ደግሞ ጭራሽ አይነካም። የት ነው የተሳሳትኩት?

ቀሪ ስህተት፦
የጠፋ ነገር የለም፤ ዲክሽነሪውን ሳትቆጥረው ቀርተህ ነው። 640 በ1,280 ማለት 819,200 ቁጥር ነው፣ በ16 ቢት 1.64 ሜጋባይት። ኮዱ ደግሞ 15,625 ብሎክ በ245 ቢት፣ 480 ኪሎባይት ገደማ። ከምትልከው ከአራት እጅ ሦስቱ ዲክሽነሪ ነው።

በዚያ ላይ 20 ሜጋባይቱ ራሱ የተነፋ ነው። ከ10ሩ ባንዶች በ10 ሜትር የሚነሱት አራቱ ብቻ ናቸው። ስድስቱ የ20 ሜትር ስለሆኑ አንዱን ፒክስል አራት አድርገኸዋል። እውነተኛው ጥሬ ዳታ 11 ሜጋባይት ነው፤ 9 እጥፍ ያልከው በሐቅ ሲሰላ 5 ነው። አራቱን 8 በ8 በ4፣ ስድስቱን 4 በ4 በ6 አድርገህ አንድ ቬክተር ላይ ቀጥላቸው፤ ብሎኩ ወደ 352 ቁጥር ይወርዳል። ማሳደጉን ተቀባዩ ስልክ ይሥራው።

ወደ ጣሪያው እንምጣ። አንድ ብሎክህ መሬት ላይ 80 በ80 ሜትር ነው። የታረሰ መረሬ የሞላበት ብሎክ በሦስት አቶም ያልቃል፣ የተቀሩት ዘጠኙ ጫጫታ ነው የሚያሳድዱት። ግማሹ ጤፍ፣ ግማሹ የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ የሆነው ብሎክ ግን በ12 አይጠግብም። ስለዚህ የአቶም ቁጥሩን አትቆልፈው፤ በስህተት መጠን አስቁመው። ለምሳሌ የምትታገሰው 30 ከሆነ (10,000 ማለት ሙሉ ነጸብራቅ ስለሆነ 0.003 ማለት ነው) ኦኤምፒውን የቀሪው ኖርም (የቬክተሩ ርዝመት) ከ30 ሲባዛ በ352 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም ከ563 በታች ሲወርድ አቁመው። ከሜዳው የተረፈው ቢት ወደ ጣሪያው ይሄዳል።

ሥልጠናው ላይም ያው ነው። በዘፈቀደ ስትለቅም አብዛኛው እርሻ ነው፣ ዲክሽነሪውም እርሻ ብቻ ይማራል። ብሎኮቹን በቫሪያንስ (በውስጣቸው ባለው የቁጥር መለያየት) መድበህ ከየምድቡ እኩል ውሰድ። 6,000 ለ1,280 አቶም ማለት ለአንዱ አምስት እንኳ አይሞላም፤ 50,000 ይሻላል፣ ከአንድ ቀን ሳይሆን ከጥቅምትም ከየካቲትም። በዚህ መጠን ኬ-ኤስቪዲ ይጎተታል፤ የፓይተን ላይብረሪው የሳይኪት ለርን ሚኒባች ዲክሽነሪ ለርኒንግ ይበቃሃል። ያልተነኩትን አቶሞች በየዙሩ ስህተቱ በከፋው ብሎክ ተካ፣ ኖርሙን 1 ማድረግ እንዳትረሳ። አማካዩን ከቀነስክ በኋላ ደግሞ እያንዳንዱን ባንድ ለራሱ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን አካፍለው፤ ያለዚያ የለመለመ እርሻ ላይ ኒር ኢንፍራሬዱ (ቅጠል አጉልቶ የሚያንጸባርቀው ባንድ) ሁሉንም አቶም ይወስዳል። ካካፈልክ የማቆሚያውን ስህተት የምትለካው መልሰህ አባዝተህ ነው።

ባለ ሦስት ማትሪክስ፦
ቬክተር ላይ መቀጠሉን አልደግፈውም። እንደ ሁለት ኪዩብ ተዋቸውና ለየአቅጣጫው ትንሽ ማትሪክስ ይኑር፤ አቶሙ የሦስቱ ክሮኔከር ውጤት (ከየማትሪክሱ አንድ አንድ ዓምድ ተወስዶ እርስ በርስ የተባዛ) ይሆናል። ለ8 በ8 በ4ቱ፦ 8 በ16፣ 8 በ16፣ 4 በ8። ለ4 በ4 በ6ቱ፦ 4 በ8፣ 4 በ8፣ 6 በ12። ሁሉም ተደምሮ 424 ቁጥር፣ 848 ባይት! በዚህ የምታገኘው 2,048 እና 768 አቶም ነው። ፍጥነቱም ይለያል፦ ለመጀመሪያው ኪዩብ ቀሪውን ከአቶሞቹ ሁሉ ጋር ማባዛት በሙሉ ዲክሽነሪ 524,288 ብዜት ሲፈልግ፣ ባንዱን አስቀድመህ በየአቅጣጫው ብታባዛ 26,624 ይበቃል።

ጉዳቱ ሰያፍ ነገር ላይ ነው። አግድምና ቁልቁል ተባዝቶ የሚወጣ አቶም ሰያፍ መንገድን በአንድ መግለጽ አይችልም፤ ተጨማሪ አቶም ይበላል።

ቀሪ ስህተት፦
ለአንድ ምስል ከሆነ ልክ ነህ። ግን ዲክሽነሪው ስልኩ ላይ አንዴ ተጭኖ ከተቀመጠ? በየአምስት ቀኑ አንድ ቢላክ በዓመት 73 ምስል ነው። 352 በ1,280 ሙሉ ዲክሽነሪ 901 ኪሎባይት፣ ለአንዱ ምስል 12 ኪሎባይት ቢደርሰው ነው። ኮንዶሚኒየሙና መንገዱ ሁሉ ሰያፍ በሆነበት ሰፈር እኔ ሙሉውን እመርጣለሁ። ብቻ ፋይሉ ራስጌ ላይ የዲክሽነሪው ቨርዥን ይጻፍ፤ ካልተገጣጠመ ምስሉ ሳያጉረመርም ቆሻሻ ሆኖ ይከፈታል።

ሌላ ነጻ ቢት፦ የአቶሞቹ ቅደም ተከተል ትርጉም ስለሌለው ኢንዴክሶቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድርና ልዩነታቸውን በሬንጅ ኮደር (ለሚደጋገም ቁጥር ጥቂት ቢት በሚሰጥ አማቂ) ጻፍ። 12 አቶም ላይ እስከ 28 ቢት ታተርፋለህ።

ጥቁር አፈር፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለቱን መንገድ ጎን ለጎን እሞክራለሁ። አራት ተከታታይ የምስል ቀናትን በአንድ ብሎክ ብጨምርስ? መሬቱ በ15 ቀን ብዙ አይለወጥም ብዬ ነው።

ባለ ሦስት ማትሪክስ፦
ከጥቅምት እስከ ጥር ያዋጣል፤ አንድ 4 በ6 ማትሪክስ መጨመር ነው። ክረምት ላይ ግን ደመናው ዲክሽነሪህን ይበላዋል። በኤስሲኤል ባንዱ (እያንዳንዱን ፒክስል በዓይነት የሚመድብ ንብርብር) 3፣ 8፣ 9 እና 10 የተባሉትን የደመናና የደመና ጥላ ፒክስሎች አውጣ። ባዶውን በዜሮ አትሙላው፤ ዜሮው ራሱ ሹል ጠርዝ ይሠራል። አቶሞቹን በቀሩት ፒክስሎች ላይ ብቻ ቆርጠህ፣ ኖርማቸውን እንደገና 1 አድርገህ ኦኤምፒውን አስኪድ። እንዲህ ስታደርግ የክሮኔከሩ ፍጥነት በከፊል ይቀራል፤ ደመና ያለበትን ብሎክ ለብቻው አስተናግደው።

የድሮ ምስል የምትቀላቅል ከሆነ አንድ ወጥመድ አለ። ከጥር 2022 መጨረሻ (በፈረንጆቹ) ጀምሮ የወጡት ምስሎች ቁጥራቸው ላይ 1,000 ተጨምሮበታል። በአንድ ቀን ብሎክ አማካዩን ስትቀንስ አብሮ ስለሚጠፋ አይታይህም። በአራት ቀን ብሎክ ግን ሁለቱ ቀን ከዚያ በፊት፣ ሁለቱ ከዚያ በኋላ ከሆኑ፣ መሬቱ ሳይነካ የ1,000 ደረጃ ይፈጠራል። መጀመሪያ ሜታዳታውን እይና ቀንሰው፣ ከዚያ አሠልጥን።