ለዕጩ የቱ ይሻላል? አምስት ደቂቃ በሀገር አቀፍ ቴሌቪዥን ወይስ አንድ ሰዓት በአካባቢ ሬዲዮ?

ጀማሪዋ፦

ሰላም ወገኖች። ለመጀመሪያ ጊዜ የምርጫ ቅስቀሳ ቡድን ውስጥ ገብቼ እየሠራሁ ነው። «የሚዲያ ጉዳይ ኃላፊ» ይሉኛል። ሥራዬ ስልክ ማንሳት፣ ቀጠሮ መያዝ፣ ዕጩያችን ስትናደድ ደግሞ ውሃ ማቀበል ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሁለት ግብዣ በተመሳሳይ ሰዓት ተገጣጠመብን። አንዱ ሀገር አቀፍ ቴሌቪዥን ነው። የአምስት ደቂቃ የቀጥታ ስርጭት፣ ያውም ከሌሎች ሁለት ዕጩዎች ጋር። ሌላው የአካባቢያችን ሬዲዮ ነው። አንድ ሙሉ ሰዓት፣ አድማጭ እየደወለ የሚጠይቅበት።

ቡድኑ ለሁለት ተከፍሏል። የሚበዙት «ቴሌቪዥን እያለ ሬዲዮ ምን ይሠራል?» ባዮች ናቸው። እኔ ግን ልቤ አላረፈም። የምንወዳደረው ለአንድ የምርጫ ክልል ወንበር ነው። ቴሌቪዥኑን ከሚያየው ሕዝብ ስንቱ ነው እሷን መምረጥ የሚችለው? ደግሞ በሌላ በኩል ቴሌቪዥን ላይ ያልታየ ሰው እንደ ዕጩ አይቆጠርም ይሉኛል።

ለመሆኑ የቅስቀሳ ዘገባ በሁለቱ ዘንድ በእርግጥ ይለያያል? ወይስ ልዩነቱ የማሰራጫው ጉልበት ብቻ ነው? ሥራው ውስጥ ያለፋችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ሁሉን አይቻለሁ፦

ይሄም ጥያቄ ሆኖ? ቴሌቪዥን ሂዱ። አምስት ደቂቃዋን ቆራርጣችሁ በስልክ ትበትኑታላችሁ። ዋናው ፊት መታየቱ ነው። የሬዲዮውን አንድ ሰዓት ማን ቁጭ ብሎ ይሰማል?

ማይክ ያዥ፦

እህቴ፣ አሥራ አንድ ዓመት የአካባቢ ሬዲዮ ዘጋቢ ነበርኩ። አሁን ትቼዋለሁ፤ ስለዚህ ማንንም ሳልፈራ ልንገርሽ። ይለያያል።

ሀገር አቀፉ ዘጋቢ ክፉ ሆኖ አይደለም። ተመልካቹ አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ ማዶ ነው። የእናንተ ድልድይ ለማዶኛው ምኑም አይደለም። ስለዚህ ዘጋቢው ለሁሉም የሚሆን ጥያቄ ይፈልጋል። ለሁሉም የሚሆኑት ደግሞ ሁለት ናቸው። «ማን እየመራ ነው?» እና «የፓርቲዎ መሪ ትናንት ስለተናገሩት ምን ይላሉ?»። ዕጩዋ የራሷን ልትናገር ሄዳ የሌላ ሰው ንግግር ስትፈታ ውላ ትመለሳለች።

ጊዜው ራሱ ጉድ ነው። ዳንኤል ሃሊን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ የሀገሩን የምርጫ ዜናዎች ሰዓት ይዞ ለክቶ ነበር። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) በ1968 ዕጩ በራሱ ድምፅ ሳይቆረጥ የሚሰማው በአማካይ ከ40 ሰከንድ በላይ ነበር። በ1988 ከ10 ሰከንድ በታች ወርዷል። በቀረው ጊዜ የሚያወራው ጋዜጠኛው ነው። በ10 ሰከንድ ውስጥ የሚገባው መፈክር ብቻ ነው። ሐሳብ አይገባም።

አንድ ገጠመኜን ልንገርሽ። ድጋሚ የሚወዳደር ዕጩ ስቱዲዮ መጣልን። ስቱዲዮ ስልሽ የማይኩ ስፖንጅ ተቀዶ በላስቲክ የታሰረበት አንድ ጠባብ ክፍል ነው። ጨዋታው እየሞቀ ሄደና የአካባቢያችን ድልድይ «በ18 ወር ያልቃል» አለ። 18 ወር ሲል ጆሮዬ ቀጥ አለ። ይህችን ቁጥር የሆነ ቦታ ሰምቻታለሁ። ዘፈን አስገባሁና የድሮውን ቅጂ ፍለጋ ገባሁ። አገኘሁት። ባለፈው ምርጫ፣ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ በዚያው ድምፅ «18 ወር» ብሏል።

ዘፈኑ ሲያልቅ አጫወትኩለት። ሰውዬው ዝም። በሬዲዮ ዝምታ እንዴት እንደሚረዝም የሠራበት ያውቀዋል። ስድስት ሰከንድ ነበር፤ ኋላ ከቅጂው ላይ ቆጥሬዋለሁ። ከዚያ «ሁኔታዎች ተለዋውጠዋል» አለ።

ሲወጣ አንድ ሀገር አቀፍ ጣቢያ በር ላይ ጠበቀው። ማታ በዜና የወጣችው «ሕዝቡ ከእኛ ጋር ነው» ያላት ናት። ድልድይ የሚል ቃል አልነበረም። ዘጋቢው ሰንፎ አይደለም። የድሮው ቅጂ የለውማ! ያ ቅጂ የሚገኘው እዚያው ቁጭ ብሎ ከከረመ ሰው ዘንድ ነው።

አሁን ደግሞ ሌላውን ጎን ስሚ። በማግስቱ ሁለት ሳምንት እንዲሄድ የተያዘ ማስታወቂያ ተነሣ። ያስነሣው የዕጩው ደጋፊ ነበር። አለቃዬ ጠራኝና «ጥያቄህ ጥሩ ነበር» አለኝ። «ግን» የምትለዋ ስትከተል ወዲያው ገባኝ። ምርጫው እስኪያልፍ የሌሊት ሙዚቃ አቅራቢ ሆንኩ። ሀገር አቀፉ ጣቢያ አንድ ማስታወቂያ ቢነሣበት ሌላ ሃምሳ አለው። እኛ አንዷ ስትነሣ የደመወዝ ቀን ይገፋል። ስለዚህ የአካባቢ ሚዲያን መልአክ አድርገሽ አትዪው። ዕጩውን በቅርብ ያውቃል። ዕጩውም እሱን በቅርብ ያውቀዋል።

ሁሉን አይቻለሁ፦

የድልድዩ ታሪክ ተመችቶኛል። ግን ልጠይቅህ፤ ሰውዬው በመጨረሻ ተሸነፈ?

ማይክ ያዥ፦

አሸነፈ። ድልድዩ ግን በዚያ ዘመኑ ተሠራ። 18 ወር ሳይሆን ሦስት ዓመት ፈጀ። በእኔ ጥያቄ ነው አልልም።

የዜና ዴስክ፦

እኔ ሀገር አቀፍ ጣቢያ ውስጥ አርታኢ ነኝ። ማይክ ያዥ ያለውን አልክድም፤ በእኛም በኩል ያለውን ግን ልናገር። በቅስቀሳ ወቅት ጠረጴዛዬ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዕጩዎች አሉ። ያሉኝ ዘጋቢዎች በጣት ይቆጠራሉ። አንድ ዘጋቢ ወደ አንድ ምርጫ ክልል ስልከው በጠዋት ወጥቶ ማታ ዜና ይዞ መመለስ አለበት። በዚህ መሃል መቼ የድሮ ቅጂ ያገላብጣል? ማን እየመራ እንደሆነ መጠየቅ ቀላል ነው። መልሱ በየቀኑ ይለዋወጣል፤ በየቀኑም ዜና ይሆናል።

ትልቁ ጥፋታችን ግን ሌላ ነው። የአካባቢውን ሚዲያ አናነብም። ከመጣን በኋላ እንኳ የሠፈሩን ጋዜጠኛ ጠርተን «ምን የምታውቀው አለ?» አንልም። ኩራት ነው።

የጆርጅ ሳንቶስን ነገር ሰምታችሁ ይሆናል። በ2022 በኒውዮርክ፣ በሎንግ አይላንድ በኩል፣ ለአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ተወዳደረ። እዚያ ኖርዝ ሾር ሊደር የምትባል ትንሽ ሳምንታዊ ጋዜጣ አለች። ሰውዬው በ2020 ሲወዳደር ይህ ነው የሚባል ንብረት አላስመዘገበም። በ2022 ግን ሀብቱ እስከ 11 ሚሊዮን ዶላር ደርሶ ተገኘ። ይህ ለጋዜጣዋ አልዋጥ አላት። ምርጫው ሳይደርስ ጻፈችው። ወደ ሪፐብሊካኖቹ የምታደላ ጋዜጣ ሆና ሳለች የሪፐብሊካኑን ሳንቶስን ትታ ዴሞክራቱን ደገፈች። አስመሳይ ነው ብላ ነው። ማን ሰማት? ኖቬምበር ላይ አሸነፈ። ኒውዮርክ ታይምስ የሥራና የትምህርት ታሪኩ የማይጨበጥ መሆኑን ያወጣው ዲሴምበር 19 ነው። ሕዝቡ ድምፁን ከሰጠ ስድስት ሳምንት ሊሞላው ነበር። በቀጣዩ ዓመት ዲሴምበር 1 ቀን ምክር ቤቱ በ311 ድምፅ ለ114 አባረረው።

ይህን ታሪክ ለአዲስ ዘጋቢዎቻችን ሁሌ እነግራለሁ። ነገሩን ያወቀው ትንሹ ነበር። ጩኸቱ ያለው ትልቁ ጋ ነበር። ሁለቱ ሳይገናኙ ቀን አለፈ።

ዝም ብዬ አንባቢ፦

እኔ ጋዜጠኛም ዕጩም አይደለሁም፤ መራጭ ነኝ። አንድ ነገር ልጨምር። «የአካባቢ» የሚል ስም ስላለው ብቻ የአካባቢ ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ። በ2018 በፈረንጆቹ አሜሪካ ውስጥ ሲንክሌር የሚባለው ኩባንያ የያዛቸው የአካባቢ ቴሌቪዥኖች ዜና አንባቢዎች አንድ ጽሑፍ ቃል በቃል ሲያነቡ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጥቶ ነበር። እያንዳንዱ አንባቢ ሠፈርተኛው የሚያውቀውና የሚያምነው ፊት ነው። ቃሉ ግን ከአንድ ጽሕፈት ቤት የተላከ። በኋላ ሁለት ተመራማሪዎች አጥንተው፣ ኩባንያው ጣቢያ ሲገዛ የሀገር አቀፍ ፖለቲካ ዜናው እንደሚጨምርና የአካባቢው እንደሚቀንስ አሳይተዋል።

እኔ ዘንድም ያለው ይኸው ነው። የምሰማው ጣቢያ ስሙ የሠፈሬ ነው፤ ዜናው ግን ከላይ የወረደ መግለጫ ነው። ስለ ዕጩዎቹ የፓርቲ ምልክታቸውን እንጂ ሌላ አላውቅም። ስለዚህ ምልክቷን አይቼ እመርጣለሁ። ምን ላድርግ?

ማይክ ያዥ፦

ዝም ብዬ አንባቢ፣ ይህችን ነገርህን ወደድኳት። የአካባቢ ዜና ሲጠፋ ሰው ዜና መስማት አይተውም። ከላይ የመጣውን ይሰማል፤ የላዩ ዜና ደግሞ ስለ ፓርቲ ነው። በ2019 በካሊፎርኒያ ዘ ዴዘርት ሰን የተባለ ጋዜጣ ጁላይን ሙሉ ከአስተያየት ገጹ ላይ ሀገር አቀፍ ፖለቲካን አወጣ። በምትኩ ስለ መንገድ መጨናነቅ፣ ስለ አካባቢው ሕንጻዎች ተጻፈ። ተመራማሪዎች ከሌላ ከተማ ጋዜጣ አንባቢዎች ጋር ሲያነጻጽሩ የሁለቱ ፓርቲ ደጋፊዎች መራራቅ ዘግየት ብሎ አገኙት። አልቆመም፤ ዘገየ። በአንድ ወር ከዚህ በላይ ምን ይጠበቃል?

ጀማሪዋ፣ ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ዕጩሽ የምትናገረው ዝርዝር ካላት ሬዲዮ ትሂድ። ዝርዝር ከሌላት ቴሌቪዥኑ ይሻላታል፤ አምስት ደቂቃ ለሦስት ሰው ተካፍሎ ማንንም አያጋልጥም። ምክሬ ክፉ ይመስላል፤ ግን እውነቴን ነው። ሬዲዮ ከሄደች ደግሞ ባለፈው ስብሰባ ላይ ያለችውን ሁሉ አስቀድመሽ ጻፊላት። ቅጂ የያዘ ሰው አይጠፋም።

የዜና ዴስክ፦

ለቴሌቪዥኑም በግልጽ ንገሪያቸው። በቀጥታ ካልሆነ ጠዋት ቀርጻችሁ ውሰዱ በያቸው። አርታኢው ቦታ ካለው እሺ ይላል። እኔ ብሆን እሺ እል ነበር።

ጀማሪዋ፦

ጋሼ ማይክ ያዥ፣ የዜና ዴስክ፣ ሁላችሁም እግዜር ይስጥልኝ። ሬዲዮውን መረጥን። ቴሌቪዥኑ ጠዋት ልቅረጽ አላለም፤ በእኛ ቦታ ሌላ ዕጩ አስገባ። የቡድኑ ግማሽ እስካሁን አኩርፎኛል።

በሬዲዮ አሥራ አራት ሰው ደወለ። ስለ ፓርቲ መሪው የጠየቀው አንድ ብቻ ነበር። አንዲት ሴትዮ ደውላ፣ ዕጩያችን ከሁለት ዓመት በፊት በሠራችበት ኮሚቴ ውስጥ የትምህርት ቤት አጥር ለመሥራት ገንዘብ እንደተሰበሰበ፣ አጥሩ ግን እንዳልቆመ ተናገረች። ቀኑን ሁሉ ታውቀዋለች። ዕጩያችን አላስታወሰችም። አላስታውስም አለች፤ መልሱንም ይዤ በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት እመጣለሁ ብላ በማይክ ቃል ገባች። አቅራቢው «ቀረጻው አለን» ብሎ ሳቀ።

አሁን የኮሚቴውን መዝገብ ፍለጋ ላይ ነኝ። እስከ ረቡዕ ካላገኘሁት ጉዴ ነው።