እህቴ ሳንባ ከተቀየረላት 5 ሳምንቷ ነው፤ አንድ እግሯ አብጧል፣ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦ ሜሪላንድ ነን። ከሆስፒታል ከወጣን ሳምንታችን ነው። ከትናንት ማታ ጀምሮ ግራ ባቷ አብጧል፣ ያቃጥላል። የካልሲዋ ላስቲክ የሰራው መስመር እስካሁን አልጠፋም። ዛሬ ደግሞ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ አጠራት። «አትደውዪ፣ መልሰው ያስተኙኛል» ትለኛለች። ሰኞ ቀጠሮ አለን። እስከዚያ ብንጠብቅስ? እባካችሁ ቶሎ!

የሸዋ ልጅ፦ አይዞሽ እህቴ። በቅባት እሺላት። እናቴ በመታሸት ነው የተሻላት።

ነርስ ነኝ፦ በፍጹም እንዳታሺው! እግሯ ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። ተላቆ ሳንባዋ ከገባ ለሕይወቷ ያሰጋል። ትንፋሽ ካጠራት ሰኞ አይጠበቅም፤ አሁኑኑ 911 ደውዪ። የንቅለ ተከላ ክፍሏንም አሳውቂ።

ታዛቢ፦ ደም መርጋቱን በምን አወቃችሁ? ሰውነቷ ሳንባውን አልቀበልም ብሎ ቢሆንስ? ኢንፌክሽንስ? የትንፋሽ መለኪያው ስንት አለ?

ጠያቂ፦ መለኪያውን ዛሬ አልነፋችም። ኦክስጅኗ 91 ነው፤ ትናንት 97 ነበር።

ሳንባ የተቀየረልኝ፦ ታዛቢ፣ ሦስቱም ይመሳሰላሉ። ቤት ተቀምጦ መለየት ስለማይቻል ነው ሂጂ የምንላት። እኔ በ3ኛው ወር ደም ረግቶብኛል። እግሬ ደህና ነበር፤ ያበጠው ካቴተር (ደም ስር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) የነበረበት ክንዴ ነው። ሐኪሜ እንዳስረዳኝ፣ ሳንባው ሲተከል ዋናው የደም ስር በስፌት ይቀጠላል። የአየር ቧንቧውን የሚመግቡት ቀጫጭኖቹ ግን ብዙ ጊዜ አይቀጠሉም። ዋናው ሲዘጋ የሚደርስለት የለም። ሲቲ ስካን ሲያዙላት ታክሮሊመስ (ሰውነቷ ሳንባውን አልቀበልም እንዳይል የሚሰጣት መድኃኒት) እንደምትወስድ ንገሪያቸው። መድኃኒቱ ኩላሊት ይጎዳል፣ የሚወጋው ቀለምም ሊያከብድባት ይችላል። እነሱ ያመዛዝናሉ፤ አንቺ ብቻ ምርመራውን እንዳታስቀሪ።

እማማ፦ ልጄ፣ ነጭ ሽንኩርት በማር ደም ያቀጥናል።

ነርስ ነኝ፦ እማማ፣ ለእሷ ከሐኪሞቿ ሳይጠየቅ ምንም አይሰጥም። አስፕሪንም ቢሆን። የሚያስፈልጋት ሄፓሪን ወይም ሌላ የደም ማቅጠኛ ከሆነ እነሱ መጠኑን ይወስናሉ።

የሸዋ ልጅ፦ ይቅርታ እህቴ፣ አላወቅኩም ነበር። አትሺው። 911 ደውዪ።

ጠያቂ፦ ደወልኩ። እየመጡ ነው። ጫማ አልገባላት ብሎ የእኔን ነጠላ ጫማ አደረገች። እጄን ይዛ ታለቅሳለች።

ሳንባ የተቀየረልኝ፦ መድኃኒቶቿን በሙሉ በከረጢት ያዢ። ታክሮሊመሱን ስንት ሰዓት እንደወሰደች ጻፊ፤ ይጠይቁሻል።

ነርስ ነኝ፦ ምን ደረሳችሁ? ሌሊቱን ተረኛ ነኝ፣ ስልኬን እያየሁ ነው።