ግጥም፣ ተውኔትና ስድ ንባብ በአንድ ፈተና፤ 12 ቀን ቀርቶኛል

ማራኪ ግቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሥነ ጽሑፍ ማጠቃለያ ፈተና 12 ቀን ቀርቶታል። 3 ሰዓት ነው፤ ግጥም 40፣ ተውኔት 30፣ ስድ ንባብ 30። የሚመጣው ግጥም አይተነው የማናውቀው ነው። ለተውኔቱ «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት»፣ ለስድ ንባቡ «ፍቅር እስከ መቃብር» ተመድበዋል። ሁለቱንም ጨርሻለሁ። በሙከራ ፈተናው ግን «ተረክህ እንጂ አልተነተንክም» የሚል አስተያየት ነው የተመለሰልኝ። የግጥም ቤት፣ ማለትም በቀለም ቁጥር የሚለየውን የግጥም ዓይነት፣ መለየትም ይምታታብኛል። ከየት ልጀምር?

ስንኝ ቆጣሪ፦
ከግጥሙ ጀምር። 40 ነጥብ ነው፣ ደግሞም በሽምደዳ አይገኝም። በቀን አንድ የማታውቀው ግጥም፣ 25 ደቂቃ፤ 12 ቀን 12 ግጥም ይሆናል። መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ጮክ ብለህ አንብብ፤ በዓይን ብቻ ያነበበ ሰው ምቱን አይሰማውም። ከዚያ ስንኙን ለሁለት ሐረግ ከፍለህ የየሐረጉን ቀለም ቁጠር።

ተማሪ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ቀለም ማለት ፊደል አይደለም፣ በአንድ ትንፋሽ የሚወጣ ድምፅ ነው። ለልምምድ ያህል አሁን የገጠምኳትን እያት፦

ካንገረብ ማዶ ላይ ጠራችኝ በማታ፣
ወንዙ ሞልቶ ነበር ልቤም አመነታ።

ፊደሉን ከቆጠርክ በስንኝ 16 ታገኝና «8 እና 8፣ የፀጋዬ ቤት ነው» ብለህ ትጽፋለህ። ተሳሳትክ። በድምፅ ስትቆጥረው ካን–ገ–ረብ–ማ–ዶ–ላይ፣ ስድስት ነው፤ የሚቀጥለውም ሐረግ ስድስት። 6 እና 6 ደግሞ የወል ቤት ነው። ሰንጎ መገን ከሆነ 5 እና 5 ይወጣል። ቤት መድፊያው፣ የስንኞቹ መጨረሻ ማለት ነው፣ «ታ» ነው፤ ተነባቢውም አናባቢውም ገጥሟል። አናባቢው ብቻ ቢመሳሰል፣ ለምሳሌ «ማታ» እና «ጫካ» ቢሆን፣ ቤት አልመታም።

ሌላው ወጥመድ ሰምና ወርቅ ነው። ጥልቅ የመሰለ ነገር ሁሉ ሰምና ወርቅ አይደለም። ከላይ ያለው ወንዝ የፍርሃት ተምሳሌት ሊሆን ይችላል፣ ግን ኅብረ ቃል፣ ሁለት ፍቺ ያለው ቃል፣ የለበትም። ኅብር እንዲህ ነው፦ «እጾማለሁ ብሎ ሽሮ በላ»። ሰሙ፣ ጾመኛው የጾም ወጥ በላ፤ ወርቁ፣ ቃሉን ሽሮ በላ። ሁለት ፍቺ የሚሰጠውን ቃል አስምረህ ማሳየት ካልቻልክ «ሰምና ወርቅ» የሚለውን አትጻፍ። ጎንደር ላይ ሆነህ ይሄ አይቸግርህም፤ ክፍልህ ውስጥ ከቅኔ ቤት የመጣ ልጅ አይጠፋም። ግማሽ ሰዓት አስቀምጠውና ጉባኤ ቃና የምትባለውን አጭር ቅኔ ይፍታልህ። ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ፣ ብቻ ስለሆነች ለመማሪያ ትመቻለች፤ ስምንት ቤት ያለውን መወድስ ለባለቤቱ ተወው።

መጋረጃ፦
ስለ ግጥሙ ከላይ የተባለው ይበቃል። «ተረክህ» የተባልከው ግን ተውኔቱን እንደ ልብ ወለድ ስላነበብከው ይመስለኛል። ለየትዕይንቱ አራት መስመር ጻፍ፦ ማን ምን ፈለገ፣ ምን ከለከለው፣ የትኛው ቃለ ተውኔት ያንን ያሳያል፣ ትዕይንቱ ሲያልቅ ምን ተለወጠ። አራተኛው መስመር ባዶ ከሆነብህ ትዕይንቱ አልገባህምና ተመለስ። የመድረክ መግለጫዎቹን አትዝለል፤ ብርሃኑ፣ ድምፁ፣ ዝምታው ሁሉ ማስረጃ ነው።

ያንተ ተውኔት ደግሞ የተለየ ጠባይ አለው። ተመልካቹ አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጣሊያን መገደላቸውን እያወቀ ነው የሚገባው። ስለዚህ «መጨረሻቸው ምን ይሆን?» የሚል የልብ ሰቀላ የለም። ክብደቱ ያለው በሰውየው የውስጥ ግጭት ላይ ነው። መልስህን ከጣሊያን ጋር ባለው የውጭ ግጭት ብቻ ከሞላኸው የታሪክ ፈተና ወሰድክ ማለት ነው።

ስድ ንባቡ ላይ ደራሲውንና ተራኪውን አትቀላቅል፤ «ሐዲስ እንዲህ አሉ» ከማለት «ተራኪው» በል። መጽሐፉ የታተመበትን 1958 ዓ.ም. የታሪኩ መቼት አድርገህም አትጻፍ። ስለ ገጸ ባህርይ ስትጽፍ ልዩነቱ እንዲህ ነው። «ጉዱ ካሳ ወግ ልማድን ይቃወማል» ብትል ማንም የሚያውቀውን ነው የነገርከው። «አገሬው ካሳ ዳምጤን ‹ጉዱ› ማለቱ፣ ሐሳቡን ከመመለስ ተናጋሪውን እብድ ማድረግ እንደሚቀለው ያሳያል» ብትል ግን ትንተና ነው፤ ከስያሜው ተነስተህ ወደ ጭብጡ ደርሰሃል። ለእያንዳንዱ ዋና ገጸ ባህርይ እንዲህ ያለ ሁለት ዓረፍተ ነገር ካዘጋጀህ የማጠቃለያ ጥራዙን ጣለው።

የአዘዞዋ፦
ሰዓቱን ማንም አላነሳም እንጂ ብዙ ነጥብ የሚበላው እሱ ነው። 180 ደቂቃ አለህ። 15ቱን ለንባብና ለረቂቅ ያዝ፣ 65 ለግጥሙ፣ 50፣ 50 ለሁለቱ። በአንድ ነገር ግን ከስንኝ ቆጣሪ እለያለሁ። ለመለማመድ ከግጥም መጀመሩ ደግ ነው፤ በፈተናው ዕለት ግን በደንብ ከምታውቀው ክፍል ጀምር። ያልታየ ግጥም ላይ ገና በጠዋቱ ከተጣበቅህ ሰዓቱ እዚያው ያልቃል።

ማራኪ ግቢ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ረድታችሁኛል። አንድ ነገር ብቻ፤ ሁለተኛውን ሐረግ ስቆጥረው 7 መጣብኝ። ጠ–ራ–ች–ኝ–በ–ማ–ታ።

ስንኝ ቆጣሪ፦
አሁንም ፊደል እየቆጠርክ ነው። «ራ» እና «ች» ይጠብቃሉ፦ ጠር–ራች–ችኝ፣ ሦስት። በ–ማ–ታ ሦስት። በሁለተኛው ስንኝ ያለችው «ነበር»ም እንዲሁ ነብ–በር፣ ሁለት ናት። ጽሑፋችን መጥበቅ መላላትን ስለማያሳይ በጆሮህ እንጂ በእርሳስህ አትቁጠር። እስቲ «ልቤም አመነታ»ን ራስህ ቆጥረህ ላክልኝ።