የጊታሬ አንገት በወፍራሙ ክር በኩል ጎብጦ በቀጭኑ በኩል ቀጥ ብሏል፤ እባካችሁ እርዱኝ

ጠያቂ፦ ቅዳሜ ማታ መድረክ አለብኝ፤ ኤሌክትሪክ ጊታሬ ግን እምቢ ብሎኛል። ሰባተኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም ከተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች አንዱ) ላይ በወፍራሙ ኢ ክር በኩል ሰፊ ክፍተት አለ፤ በቀጭኑ ኢ በኩል ግን ክሩ ፍሬቱን ሊነካ ምንም አልቀረውም፤ ሲጫወቱትም ዝዝ ይላል። ትረስ ሮዱን (አንገቱን የሚያቀናውን፣ በውስጡ ያለውን ብረት) ባጠብቀው ወፍራሙ በኩል ተሻለው፣ ቀጭኑ በኩል ባሰበት። ምን ላድርግ?

ሪትም ተጫዋች፦ ትረስ ሮዱን ሩብ ዙር ያጥብቁትና ይተዉት፤ የእኔ የተስተካከለው በዚሁ ነው።

ጠያቂ፦ ማጥበቄን ከላይ ጽፌያለሁ፤ በሁለቱ ጎኖች መካከል ያለው ልዩነት ግን አልጠበበም።

እንጨት ሠሪ፦ ሊጠብም አይችልም። በአብዛኛው ጊታር ትረስ ሮድ በአንገቱ መካከል የተቀበረ አንድ ብረት በመሆኑ ሲጠብቅ ሁለቱንም ጎን አብሮ ያቀናል እንጂ አንዱን ለይቶ አያስተካክልም። እንጨት በክረምት እርጥበት ይስባል፣ በበጋ ይደርቃል፤ በዚህ መሐል አንገቱ ቀስ እያለ ሊጠመዘዝ ይችላል። ከጊታሩ ራስ በኩል ወደ ብሪጁ (ክሮቹ በጊታሩ አካል ላይ ወደሚያርፉበት ክፍል) አሻግረው ሲመለከቱ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ፍሬት ትይዩ ሆነው ካልታዩ ተጠምዝዟል ማለት ነው፤ ያ ደግሞ የባለሙያ እጅ ይፈልጋል። ጊታርን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ መተው ከሁሉ የከፋ ነው፤ ይህን ሁሉም ሰው ቢያውቀው እወዳለሁ።

ሊድ ተጫዋች፦ አንገቱ ተጠምዝዟል ለማለት ገና ነው። ለመሆኑ እንዴት ለኩት? ጊታሩ በትክክል ተቃኝቶ፣ እንደሚጫወቱበት ተይዞ፣ አንደኛው ፍሬት ላይ ካፖ (ክሮቹን ተጭኖ የሚይዝ መቆንጠጫ) ታስሮና የመጨረሻው ፍሬት በጣት ተጭኖ ካልተለካ የናቱ (በጊታሩ ራስ በኩል ክሮቹ የሚያርፉበት ክፍል) እና የብሪጁ ከፍታ ልኬቱን ያዛባዋል። ክፍተቱ ወደ 0.25 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው፤ የ10 ቁጥር ክር ቀጭኑ ኢ ውፍረቱ ይኸው ስለሆነ ከአሮጌ ክር ቁራጭ ቆርጠው በፍሬቱና በክሩ መካከል ያሾልኩት። ደግሞስ ከሰባተኛው ፍሬት አልፈው ሲጫወቱ ዝዝ ይላል?

ጠያቂ፦ አይልም። የሚለው ከሁለተኛው እስከ ስድስተኛው ስጫን ብቻ ነው። በካፖ ስለካው ወፍራሙ በኩል ቁራጩ በቀላሉ ያልፋል፤ ቀጭኑ በኩል ግን አይገባም።

ሊድ ተጫዋች፦ እንግዲያው የምጠረጥረው ሰባተኛውን ፍሬት ራሱን ነው። በቀጭኑ ክር በኩል ከጎድጓዱ ትንሽ ተነሥቶ ከሆነ አንገቱ ደህና ሆኖ ሳለ ልኬቱ ያልተስተካከለ ያስመስለዋል፤ የሚለኩት እዚያው የተነሣው ፍሬት ላይ ነውና። በስድስተኛውና በስምንተኛው ላይም ይለኩ። ቀጥ ያለ አጭር ብረት በሦስቱ ፍሬቶች ላይ በቀጭኑ ክር ሥር ያስቀምጡ፤ ከተወዛወዘ መካከለኛው ከፍ ብሏል።

ባስ ተጫዋች፦ ቅዳሜን በወፍራሞቹ ክሮች ብቻ ይጫወቱና የእኔን ሥራ ይውሰዱብኝ! ከቀልዱ ባሻገር፣ የፍሬቱን ጫፍ በእንጨት ቁራጭ ጫን ሲያደርጉት ዝዝታው ከጠፋ ፍሬቱ ተነሥቷል ማለት ነው።

ሪትም ተጫዋች፦ እኔ አሁንም ትረስ ሮዱን እላለሁ።

ሊድ ተጫዋች፦ እባክዎ እንዳይነኩት። ጠያቂ ሆይ፣ ትረስ ሮዱን ወደነበረበት ይመልሱና ለቅዳሜ ብሪጁ ላይ የሁለቱን ቀጫጭን ክሮች መቀመጫ በጥቂቱ ከፍ ያድርጉ። ፍሬቱን መልሶ መትከልና በሱፐር ግሉ ማጣበቅ የሚቻል ሥራ ነው፤ ልምዱ ከሌለዎት ግን ከመድረኩ በኋላ ለጠጋኝ ይስጡት። የስድስተኛውና የስምንተኛው ልኬት ስንት ወጣ?